አባዬ፣ "ማን ሰማው?" ላልከኝ

አባዬ፣ እንደምን ሰነበትክ? ጉልበትህ እንዴት ነው? እኛ እዚህ ጅማ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ዘንድሮ ክረምቱ ጠንክሯል፤ ከመርካቶ ቤት እስክደርስ ጫማዬ ጭቃ በጭቃ ነው የሚሆነው። መድኃኒትህን እየዘለልክ ነው የሚል ወሬ ሰምቻለሁ። እሱን ከእህቴ ጋር ሆነን እናወራበታለን።

ዛሬ የምጽፍልህ ግን ስለ ሙዚቃዬ ነው። ባለፈው ስልክ ላይ "ቃሉ አይሰማም፣ የፈረንጅ ነገር ነው፤ ደግሞስ ማን ሰማው?" አልከኝ። ኔትወርኩ ተቆራረጠና ሳልመልስልህ ቀረሁ። አልተቀየምኩህም። እንዲያውም ሰምተህ የተሰማህን በመናገርህ ደስ ብሎኛል፤ ብዙ ሰው "ጎበዝ" ብሎኝ ነው የሚያልፈው።

መጀመሪያ የቃሉን ነገር ላስረዳህ። እኔና ጓደኛዬ የምንሠራው ድሪም ፖፕ የሚባለውን ነው። ጊታሩ ላይ ኢኮ ይበዛል፤ አንዱ ድምፅ ሳያልቅ ሌላው እየተደረበበት ይሄዳል። ኪቦርዱ አንድ ኮርድ፣ ማለት አብረው የሚመቱ ኖታዎች፣ ይዞ ረጅም ጊዜ ይቆያል። ከበሮው በማሽን ነው፣ ዝግ ያለ። የኔን ድምፅ ሁለት ሦስቴ ቀድተን አንዱን ባንዱ ላይ እንደርበዋለን፤ ከዚያ ከመሣሪያዎቹ ፊት ሳይሆን መሃላቸው እናስገባዋለን። ቃሉ አልሰማ ያለህ ለዚህ ነው። የማይኩ ችግር አይደለም፣ አስበንበት ያደረግነው ነው።

በኛ አገር ዘፈን ማለት ግጥም እንደሆነ አውቃለሁ። ሰው ሲሰማ ቀድሞ የሚጠይቀው "ምን አለች?" ነው። እኔም ባንተ ቤት አድጌ ግጥም አልንቅም። ግን ዓቢይ ጾም ሲገባ በገና ከፍተህ፣ ዓይንህን ጨፍነህ የምትቀመጠውን አስበው። አውታሩ እየነዘረ፣ የደርዳሪው ድምፅ ዝቅ ብሎ ከሥር ከሥር ይሄዳል። እያንዳንዱን ቃል እየተከታተልክ አይመስለኝም እንደዚያ የምትሆነው። መንፈሳዊውን ከኛ ዘፈን ጋር እኩል ማድረጌ አይደለም፣ እግዜር ይጠብቀኝ። ልልህ የፈለግኩት እንዲህ ዓይነት አሰማም ለአንተ እንግዳ አይደለም ነው። እኔ ልጅ ሆኜ በሩ ሥር ቆሜ ሳይህ የተማርኩት ይመስለኛል።

ፈረንጆቹም ቢሆኑ ሁሉም ቃል አይሰሙም። ኮክቶ ትዊንስ የሚባሉ የስኮትላንድ ልጆች ነበሩ፤ የ1983ቱን አልበማቸውን (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፍልህ) የሠሩት ልክ እንደኛ ሁለት ሆነው ነው። ኤልሳቤጥ ፍሬዘር ስትዘፍን እንግሊዝኛ አፉን የፈታበት ሰው እንኳ ብዙውን አይለየውም። ድምፁ ራሱ ነበር ነገሩ። እንዲያም ሆኖ በ1990 ያወጡት አልበም እንግሊዝ አገር በአልበም ሽያጭ እስከ 7ኛ ደረጃ ደርሷል።

"የፈረንጅ ነገር" ያልከው ደግሞ ትንሽ ቆጭቶኛል። ድሪም ፖፕ የሚለውን ስም አወጡ የሚባሉት እኮ ኤ.አር. ኬን የሚባሉ ሁለት የምሥራቅ ለንደን ጥቁር ወጣቶች ናቸው። የመጀመሪያ አልበማቸው በ1988 ወጣ። ይህን ሳውቅ ምን ያህል ደስ እንዳለኝ ልነግርህ አልችልም።

አሁን ወደ "ማን ሰማው" ልምጣ። እውነቱን ልንገርህ፣ ጥቂት ሰው ነው የሰማው። አንድ ካፌ ጋብዞን ተጫወትን። ግማሹ ሰው ወሬውን ቀጠለ፣ አንዱ "ሞቅ ያለ የላችሁም?" አለ፣ ባለቤቱም ሲያበቃ "ቆንጆ ነው፣ ግን ሰው ያስተኛል" አለን። ከጥግ ያለው ጠረጴዛ ግን ከሦስተኛው ዘፈን ጀምሮ ዝም አለ። ከነሱ አንዷ የነርስ ተማሪ ናት፤ የሌሊት ተረኛ ሆና ስታድር ጠዋት ወደ ቤት ስትሄድ የምትሰማው የኛን እንደሆነ ነገረችኝ። እዚያው የነበሩ አንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ደግሞ ወጥተን እቃ ስንጭን ጠብቀው "ይሄ ትዝታ ነው አይደል?" አሉኝ። አዎ፣ ትዝታ ነው! ያ ሁሉ ኢኮ ተደርቦበት ቅኝቱን ለይተውታል። አባዬ፣ ከዚያ በላይ ምን ልመኝ? ጓደኛዬ ባጃጅ ውስጥ እስክንገባ ድረስ ያንኑ ነበር የሚደጋግመው።

እንዲህ ዓይነት ሙዚቃ ቀስ ብሎ ነው ሰው ጋ የሚደርሰው። ባልቲሞር አሜሪካ ቢች ሃውስ የሚባሉ አንድ ሴትና አንድ ወንድ አሉ፣ በ2004 ነው የጀመሩት። በ2015 ካወጡት አንዱ ዘፈን ከዓመታት በኋላ በቲክቶክ ተዛምቶ፣ ሲወጣ ገና ሕፃናት የነበሩ ልጆች ሁሉ ያዙት። ዘፈኑ አንድ ኖታ አልተቀየረም።

ሩቅ መሄድም አያስፈልገኝም፣ የዋልያስ ባንዱን ኪቦርድ ተጫዋች ኃይሉ መርጊያን ላንሳልህ። የባንዱን ሙዚቃ ያስተማርከኝ አንተ ነህ። ኃይሉ ዋሽንግተን ከቀረ በኋላ በ1985 አኮርዲዮኑን ከከበሮ ማሽንና ከሲንተሳይዘር ጋር አድርጎ ብቻውን ካሴት ቀዳ። አገር ቤት ተሰማ። ከዚያ ሰውየው ለብዙ ዓመት ታክሲ ነዳ። ኪቦርዱን መኪናው ኋላ ይጭንና ኤርፖርት ላይ ተሳፋሪ እስኪመጣ ይለማመድ ነበር። ያንን ካሴት አንድ አሜሪካዊ ባሕር ዳር ካሴት ቤት አግኝቶት በ2013 እንደገና አሳተመው። በመሃል 28 ዓመት አለ! ከዚያ ወዲያ ኃይሉ በየአገሩ እየዞረ ተጫወተ፣ በ2018 አዲስ አልበም አወጣ። ያንን አኮርዲዮን ስሰማ፣ ቀስ ብሎ ሲደራረብ፣ ከኛ ሥራ ጋር በጣም የሚቀራረብ ነው የሚመስለኝ። እኔ ኃይሉ ነኝ ማለቴ አይደለም። ያን ጊዜ ኤርፖርት ቆሞ ሲለማመድ አንድ ሰው መጥቶ "ማን ይሰማሃል?" ቢለው ምን ይመልስ ነበር እያልኩ ግን አስባለሁ።

ሰርግ ላይ ዝፈኚ ያልከኝን አስቤበታለሁ። ነውር የለውም፣ ብርም አለው። ግን እዚያ የሚፈለገው ድምፅ የኔ አይደለም። ሥራዬን አለቅም፣ ቀን ቀን ፋርማሲ ነኝ፣ ማታና እሁድ ነው የምንቀዳው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ጨርሶ መቅዳት አይቻልም፤ እስኪያባራ ሻይ ጠጥተን እንጠብቃለን። መስኮቱ ላይ ያንተን ወፍራም ብርድ ልብስ ሰቅለነዋል፣ ይቅርታ ሳልጠይቅህ ነው፣ ድምፅ ስለሚይዝልን።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ። እስካሁን የሰማኸው በስልክህ ድምፅ ማጉያ ነው፣ ያውም ቴሌቪዥኑ ተከፍቶ። በዚያ ግማሹ አይሰማም፣ ከሥር ያለው ቤዝ በሙሉ ይጠፋል። እህቴ ጆሮ ማዳመጫዋን ትስጥህ። ማታ ሰው ሲተኛ ጋደም በልና ሁለተኛውን ዘፈን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ስማው። ቃሉን አትፈልገው፣ ግጥሙን ለብቻው በወረቀት ጽፌ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤልሃለሁ። ቅኝቱን ስማ፣ ሽማግሌው የለዩትን አንተ የማትለይበት ምክንያት የለም። ከዚያ ደውልልኝ። ካልወደድከውም ደውልልኝና የቱ ጋ እንደሰለቸህ ንገረኝ፤ የጆሮህን ፍርድ ከማንም በላይ አምነዋለሁ።

ቡና በሰው ልኬልሃለሁ፣ ያልተቆላ ነው፤ አዲስ አበባ የሚሸጠውን አትጠጣ። ለእህቴና ለልጆቹ ሰላም በልልኝ።

ልጅህ