ታዳሚው ራሱ ለሚጫወትበት የድምፅ ትርኢት መሣሪያ መግዣ የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

በፒያሳና በአራት ኪሎ አካባቢ የምንኖርና የምንሠራ ሙዚቀኞች፣ የድምፅ ባለሙያዎችና የሶፍትዌር ሠራተኞች፣ ታዳሚው ተቀምጦ ከማጨብጨብ አልፎ በእጁ ባለው ስልክ ተጫዋች የሚሆንበትን ትርኢት እያዘጋጀን ስለሆነ፣ ሥራው የሚጠይቀውን መሣሪያ ለመግዛት የሰፈራችንን ነዋሪዎችና የሙዚቃ ወዳጆችን ድጋፍ በአክብሮት እንጠይቃለን።

ሐሳቡ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በአዝማሪ ቤት «ተቀበል!» ብሎ ግጥም የሚሰጠው እንግዳው ነው፤ አዝማሪው በማሲንቆው እያጀበ ያዜመዋል፤ ጨዋታው የሚደምቀውም የሚቀዘቅዘውም አብዛኛውን ጊዜ በተቀማጮቹ አንደበት ነው። የቴክኖሎጂው ታሪክም ቢሆን ከዚህ ከተማ የራቀ አይደለም። ግብፃዊው የሙዚቃ ደራሲ ሀሊም ኤል ዳብ እ.ኤ.አ. በ1944 ካይሮ ውስጥ የዛር ሥርዓት ዜማ በሽቦ መቅረጫ (ድምፅን በቀጭን የብረት ሽቦ ላይ በሚይዝ መሣሪያ) ቀርጾ፣ ድምፁን በሬዲዮ ጣቢያ ስቱዲዮ እየለወጠ አዲስ ሥራ አድርጎታል። ይኸው ሰው በኋላ አዲስ አበባ መጥቶ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር፣ እ.ኤ.አ. በ1963 የክራር፣ የማሲንቆ፣ የበገናና የዋሽንት ተጫዋቾችን ያሰባሰበውን ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን መሥርቷል። ስልክን በተመለከተ ደግሞ አሜሪካዊው አርቲስት ጎላን ሌቪንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2001 በኦስትሪያዋ ሊንዝ ከተማ የታዳሚውን ቁጥር መዝግበው፣ በየስልኩ አዲስ የጥሪ ድምፅ ጭነው፣ በመደወል ኮንሰርት አቅርበዋል። እዚያ የሚደውሉት አርቲስቶቹ ነበሩ፤ እኛ ግን ምርጫው ለታዳሚው እንዲተው እንፈልጋለን።

አሠራሩ ኢንተርኔት አያስፈልገውም። አዳራሹ ውስጥ አንዲት ትንሽ ኮምፒውተርና ራውተር ይቀመጣሉ፤ ታዳሚው ስልኩን ከዚያ ዋይፋይ ጋር ሲያገናኝ አንድ ገጽ ይከፈትለትና ጣቱን ባንሸራተተ ቁጥር ከስልኩ ድምፅ ይወጣል። ድምፆቹን የምንቀርጸው ከሰፈሩ ነው፤ የቆራሌው ጥሪ፣ የታክሲ ረዳቶች ጩኸት፣ የጊዮርጊስ ደወል። ፒያሳ መልኳ በተለወጠበት በዚህ ጊዜ አንዳንዱ ድምፅ ከነባለቤቱ ሌላ ሰፈር ስለገባ፣ ቀረጻው ባይዘገይ እንመርጣለን። አስቸጋሪው ነገር ስልኮቹ እኩል አለመጀመራቸው ነው። በዚያ ላይ ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ 34 ሜትር ርቆ ለተቀመጠ ሰው በአንድ ዐሥረኛ ሰከንድ ዘግይቶ ይደርሰዋል። ስለዚህ ስልኮቹ ምት እንዲጠብቁ ከማስገደድ ይልቅ በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ እንደሚወርድ የክረምት ዝናብ ተበታትነው እንዲሰሙ አድርገናል፤ ምቱን መድረክ ላይ ያለው ከበሮ ይይዛል።

መግዛት ያለብን ስምንት ስፒከሮች፣ አንድ ሚክሰር፣ በክራርና በከበሮ ላይ ተለጥፈው ንዝረት የሚቀበሉ ትናንሽ ማይክሮፎኖች፣ እንዲሁም መብራት ሲጠፋ የሚያገለግል ባትሪ ሲሆኑ፣ ጠቅላላ ወጪው 420,000 ብር ነው። ሩቡን ከየኪሳችን አዋጥተናል። መከራየት አይሻልም ወይ የሚሉን አሉ፤ ኪራይ ለአንድ ምሽት ይበቃ ይሆናል፤ ይህ ሥራ ግን ሰዎች ደጋግመው እየመጡ የሚለማመዱበት ነው። ከትርኢቱ በኋላም መሣሪያው የሰፈሩ ወጣቶች የሚማሩበት የጋራ ንብረት ሆኖ ይቆያል።

ገንዘቡ የሚገባው በሦስት አባላት ጣምራ ፊርማ በሚንቀሳቀስ የባንክ ሒሳብ ነው፤ ለእያንዳንዱ ለጋሽ ደረሰኝ እንሰጣለን፤ ወጪውንም በመለማመጃ ክፍላችን በር ላይ እንለጥፋለን። ዓርማዬ በታዳሚው ስልክ ላይ ይታይልኝ በሚል ቅድመ ሁኔታ የሚሰጥ ገንዘብ ግን አንቀበልም።

ገንዘብ ለማይመቻችሁ፣ ስክሪኑ ቢሰነጠቅም ጣት የሚቀበል፣ ስፒከሩም የሚሠራ አሮጌ ስልክ ትልቅ እርዳታ ነው፤ ስማርት ስልክ የሌላቸው ታዳሚዎች በእሱ ይጫወታሉና። እባካችሁ ሲም ካርዱንና ሚሞሪውን አውጡ፣ በውስጡ ያለውን ፎቶና መልእክት አጥፉ፣ ባትሪው ያበጠ ስልክ ደግሞ አታምጡ።