የጣና ዳርቻ በግንብ ሳይሆን በደንገል ይጠበቅ፦ ለባሕር ዳር ከተማ አስተዳደር የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ለባሕር ዳር ከተማ አስተዳደር ከንቲባ ጽሕፈት ቤት
ባሕር ዳር

ጉዳዩ፦ በጣና ዳር ለሚለሙ ይዞታዎች በሚሰጠው የግንባታ ፈቃድ ውስጥ በአገር በቀል ዕፅዋት የሚሸፈን ዳርቻ በግዴታነት እንዲካተት ስለመጠየቅ

ክቡር ከንቲባ፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ እኔ በባሕር ዳር ከተማ ችግኝ በማፍላትና ግቢ በማስዋብ ሥራ የምተዳደር ነዋሪ ነኝ። ሥራዬ ሐይቁን ተንተርሰው ከሚገኙ የሆቴል፣ የመዝናኛና የመኖሪያ ግቢ ባለቤቶች ጋር ያገናኘኛል፤ ከእነርሱም የምሰማው ጥያቄ ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው። በሐይቁ ዳር የሚበቅለው ረጅም ባለ አገዳ የውኃ ተክል፣ ደንገሉ፣ ተመንጥሮ ይነሣ፣ ዳርቻው በድንጋይ ግንብ ይታጠር፣ ከቤቱ በረንዳ እስከ ግንቡ ጠርዝ ድረስ በአጭሩ የሚታጨድ ሣር ይተከል፣ ዳር ዳሩን ደግሞ ከውጭ የመጡ ጌጠኛ ዛፎች ይደርደሩበት ይላሉ። ባለቤቶቹ ሐይቁን የሚጠሉ ሰዎች አይደሉም፤ እንዲያውም ቦታውን የመረጡት ስለወደዱት ነው። ነገር ግን የሚያቀርቡት ንድፍ ሐይቁን ይጎዳል፤ ቆይቶም ግቢያቸውን ራሱን ይጎዳል። ይህን ሊያስተካክል የሚችለው ፈቃድ የሚሰጠው የእርስዎ አስተዳደር ስለሆነ ነገሩን በዝርዝር ለማስረዳት ተነሣሁ።

ጣና ከሦስት ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋ፣ ጥልቀቱ ግን በጣም ዘልቆ በሚገኝበት ቦታ እንኳ ወደ 14 ሜትር ብቻ የሆነ ሐይቅ ነው። እንዲህ ያለ ሰፊና ጥልቀት የሌለው ውኃ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ማዕበሉን ይዞ ዳርቻውን ይመታል። በዚያ ላይ ክረምቱ ሲያልፍ፣ በመስከረም ገደማ፣ ሐይቁ ከፍታው ላይ ይደርስና በበጋው እየቀነሰ ሄዶ በግንቦትና በሰኔ መግቢያ ከሁሉ ዝቅ ይላል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በብዙ ዓመታት ወደ አንድ ሜትር ተኩል ይጠጋል። ስለዚህ የጣና ዳርቻ በአንድ ገመድ ተለክቶ የሚሰመር መስመር ሳይሆን ከዓመቱ ግማሹን ውኃ የሚተኛበት፣ ግማሹን የሚደርቅ ሰፊ መቀነት ነው። የድንጋይ ግንብ የሚሠራው ግን ይህን መቀነት መስመር አድርጎ ነው። ማዕበሉ ቀጥ ያለውን ግንብ ሲመታ ኃይሉ አይጠፋም፤ ተመልሶ ወደ ታች ይወርድና በግንቡ እግር ሥር ያለውን አሸዋና ደለል ይቦረቡራል። መሠረቱ ሲራቆት ግንቡ ይሰነጠቃል፣ ያዘነብላል፣ ከኋላው የተሞላው አፈር ይሰምጣል። ግንቡ የሚያልቅበት ጫፍ ላይ ደግሞ ውኃው የጎረቤትን ያልታጠረ መሬት መሸርሸር ይጀምራል፤ ጎረቤትም መሬቱን ለማዳን በተራው ግንብ ይሠራል። ከግቢ ወደ ግቢ እንዲህ እየተዛመተ ከሄደ የከተማችን ዳርቻ በሙሉ በድንጋይ እስኪከበብ ድረስ የሚያቆመው ነገር የለም።

ደንገል ያለበት ዳርቻ ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ነው። ቁመቱ አራት ሜትር ሊደርስ የሚችለው የደንገል አገዳ ጥቅጥቅ ብሎ ስለሚቆም ማዕበሉ በመካከሉ ሲያልፍ ጉልበቱን ያጣል፤ ከሥር የተጠላለፈው ሥሩ ጭቃውን አቅፎ ይይዛል፤ ከግቢው ታጥቦ የሚመጣው ደለልም እዚያው ይቀራል። ከአፈር ማዳበሪያና ከፍሳሽ የሚመጣውን ንጥረ ነገር ለዕድገቱ ስለሚጠቀምበት ወደ ሐይቁ የሚገባው መጠን ይቀንሳል። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ለእኛ ከሁሉ የከበደ ነው ብዬ አምናለሁ። ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በሐይቁ ላይ የተስፋፋው እምቦጭ የተባለው ተንሳፋፊ አረም የሚደልበው ከእርሻና ከከተማ ታጥቦ በሚገባው በዚሁ ንጥረ ነገር ነው። ገበሬው፣ ተማሪውና የከተማው ነዋሪ ውኃ ውስጥ ገብቶ እምቦጭን በእጁ ሲያወጣ ሁላችንም አይተናል። ያን ሁሉ ድካም የደከመ ሕዝብ ባለበት ከተማ፣ በሐይቁ ጠርዝ ላይ ዩሪያ እየተበተነበት የሚለመልም የሣር መስክ እንዲተከል መፍቀድ፣ የእምቦጭን ቀለብ በገዛ እጃችን ማቅረብ ነው።

የዓሣውም ነገር ከዚህ አይለይም። ቀረሶ የተባለው ዓሣ የሚራባውና ጫጩቶቹን የሚያሳድገው ጥልቀት በሌለው፣ ዕፅዋት በሸፈነው ዳርቻ ነው። ግንብ በቆመበት ቦታ ይህ መጠለያ የለም፤ ከግንቡ ፊት ያለው ውኃ ራቁቱን ነው።

ክቡር ከንቲባ፣ «ታዲያ ምን ይተከል?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ከአካባቢያችን ውጭ መፈለግ የለበትም። ውኃው በሚመላለስበት የታችኛው ክፍል ደንገልና ፊላ ይተከላሉ። ደንገል ከዘር ይልቅ ከሥሩ ቁራጭ በቀላሉ ይራባል፤ ሁለት ሦስት ቡቃያ የያዘ የሥር ቁራጭ ውኃው ዝቅ ባለበት በግንቦት መጨረሻና በሰኔ በረጠበው ጭቃ ላይ ቢተከል፣ ክረምቱ ሲገባ ውኃው ሳይውጠው ቀድሞ ለመብቀል ጊዜ ያገኛል። ሥሩ እስኪይዝ ድረስ ከፊት ለፊቱ ማዕበል የሚሰብር፣ ከብትም የሚከለክል የቀርከሃ አጥር ያስፈልገዋል። ይህ አጥር ለደንገሉ የሕይወትና የሞት ጉዳይ ነው፤ አጥር ያልተደረገለት አዲስ ተከላ ወይ በማዕበል ይነቀላል ወይ በከብት ይጋጣል። ከዚያ በላይ፣ ውኃ በመስከረም ብቻ በሚደርስበት እርጥብ መሬት፣ ቄጠማና አኻያ ጥሩ ሆነው ይይዛሉ፤ አኻያ ቅርንጫፉ ተቆርጦ ቢተከል የሚበቅል፣ ሥሩም ዳርቻን አጥብቆ የሚይዝ የወንዝ ዳር ዛፍ ነው። በዚሁ ክፍል ለሆሳዕና የምናስረው የአገራችን ዘንባባ ቦታው ነው፤ በመንገድ ዳር ከሚተከለው ባለ አንድ ግንድ የውጭ ዘንባባ ይልቅ በርካታ ግንዶች ከአንድ ሥር እያወጣ ስለሚበቅል አፈርን ለመያዝ እጅግ የተሻለ ነው። ውኃ በማይደርስበት ደረቅ ክፍል ዶቅማ፣ እሼ፣ ሾላና ዋንዛ ይተከሉ፤ ለጥላም፣ ለወፍም፣ ለንብም ይሆናሉ። ቦታው ሰፊ ከሆነ ዋርካ ይታከልበት፤ በጠባብ ግቢ ግን ሥሩ ቤት ስለሚጎዳ አልመክረውም። ተዳፋት የሆነውን መሬት ለመያዝ ዴሾ ሣር አገራችን ውስጥ የተፈተነ ነው። ባሕር ዛፍ ግን በሐይቅ ዳር ቦታ የለውም።

የእነዚህ ዛፎች ዘር የት ይገኛል ለሚል ሰው ዘጌ ቅርብ ናት። በአቡነ በትረ ማርያም ቃል ኪዳን መሬቱ አይታረስባትም ተብሎ ሲጠበቅ የኖረው ያ ባሕረ ገብ መሬት፣ ቡናው ከአገር በቀል ዛፍ ጥላ ሥር የሚበቅልበት ደን፣ የጣና ዳርቻ ዛፎች ምን ይመስሉ እንደነበር ለሚጠይቅ ሁሉ ሕያው ማስረጃ ነው። የደሴቶቹ ገዳማትም እንዲሁ ዛፎቻቸውን ጠብቀዋል። አስተዳደሩ ከገዳማቱና ከአካባቢው ነዋሪዎች ጋር ተስማምቶ ዘር እንዲሰበሰብና በከተማው ችግኝ ጣቢያ እንዲፈላ ቢያደርግ፣ የግል አልሚዎች «ችግኙን ከየት እናምጣ?» የሚሉት ምክንያት ይቀራል። ዛሬ በገበያ ላይ በብዛት የሚገኘው የጌጥ ተክል ስለሆነ ሰው የሚገዛው ያንኑ ነው።

ከአልሚዎች የሚነሡ ተቃውሞዎች እንዳሉ አውቃለሁ፤ ሊናቁም አይገባም። ደንገል ዕይታ ይጋርዳል የሚለው እውነት አለው፤ ለዚህ መፍትሔው ሙሉውን መመንጠር ሳይሆን ከመቀመጫው ፊት ለፊት ጠባብ መስኮት ከፍቶ የቀረውን መተው ነው፤ የዛፎቹንም የታች ቅርንጫፍ በመግረዝ ከግንዶቹ መካከል ሐይቁን ማየት ይቻላል። ጀልባ የሚያስጠጋ ሰው ከእንጨት የተሠራ ጠባብ መሸጋገሪያ በደንገሉ ላይ ቢዘረጋ ዳርቻው ሳይነካ ይወጣል ይገባል። ወባ ያመጣል የሚለው ሥጋት በባሕር ዳር በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም፤ ሆኖም የወባ ትንኝ በግንባታ ጉድጓድና በተቋጠረ ኩሬ ውስጥም ይራባልና፣ ደንገሉን ከመመንጠር በፊት በየግቢው የሚቀረውን የቆመ ውኃ ማፋሰስ ይቅደም። ጉማሬን በተመለከተ ደግሞ ባለቤቶቹ ደንገሉ ጉማሬን ወደ ግቢያቸው ይስባል ብለው የሚያስቡት ከእውነታው የተገላቢጦሽ ነው፤ ጉማሬ ማታ ማታ ከውኃ ወጥቶ የሚግጠው አጭር ሣርን ስለሆነ እስከ ውኃው ጠርዝ የተነጠፈ መስክ ራቱን ማቅረብ ይሆናል።

ስለ ሕጉ ብዙ ማለት አያስፈልገኝም፤ የጎደለው ሕግ ሳይሆን አፈጻጸም ነው። የኢትዮጵያ የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 የውኃ አካላት ዳርቻ እንዲከለልና በተከለለው ዳርቻ ውስጥ ዛፍና ዕፅዋት መመንጠርም ሆነ የመኖሪያ ቤት መሥራት እንዲከለከል ለተቆጣጣሪው አካል ሥልጣን ሰጥቷል። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995ም ከፈቃድ በፊት መታየት ያለበትን ይደነግጋል። ጣና ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ የባዮስፌር ክልል፣ ማለትም ተፈጥሮውና የሰው ኑሮ ተጣጥመው እንዲጠበቁ የታወቀ ቦታ ነው። ይህ ሁሉ እያለ አንድ አልሚ ለፈቃድ በሚያቀርበው ንድፍ ላይ የሕንፃው እያንዳንዱ ምሰሶ ሲታይ፣ በውኃውና በሕንፃው መካከል ምን እንደሚበቅል የሚጠይቀው ከሌለ ክለላው በወረቀት ላይ ይቀራል።

በዚህ ጉዳይ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚዘነጉ ሰዎች አሉ። የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ከሐይቁ ጋር የኖረው በደንገል ነው፤ ታንኳውን የሚሠራው፣ ቅርጫቱን የሚሰፋው፣ ገቢውን የሚያገኘው ከእርሱ ነው። ዳርቻው በግንብ በታጠረ ቁጥር የእነርሱ መተዳደሪያ ይጠብባል፣ ወደ ውኃው የሚወርዱበትም መንገድ ይዘጋል። ደንገል መቼ እንደሚቆረጥ፣ ከየት ተቆርጦ ከየት እንደሚተው፣ የትኛው ጭቃ እንደሚስማማው ከእነርሱ በላይ የሚያውቅ ባለሙያ በከተማችን አላውቅም። ስለዚህ ተከላውም ሆነ በየጊዜው የሚደረገው አጨዳ በማኅበር ለተደራጁ የማኅበረሰቡ አባላት በክፍያ እንዲሰጥ፣ ያጨዱትም ደንገል የራሳቸው እንዲሆን እጠይቃለሁ። ይህን ለምጽዋት ብዬ አላነሣሁትም፤ ዕውቀቱ ያለው እነርሱ ዘንድ ስለሆነ ነው።

ሌላው ጥንቃቄ የሐይቁን ከፍታ ይመለከታል። በ1988 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የጨረጨራ መቆጣጠሪያ የሐይቁን መውጫ ስለሚገድብ፣ የጣና ውኃ ከፍታ በዝናብ ብቻ ሳይሆን በሰው ውሳኔም ይወሰናል። በ1995 ዓ.ም. ውኃው ከልክ በላይ ሲቀንስ ጀልባዎች ሥራ እስከማቆም ደርሰው ነበር፤ በዳርቻው የነበረው ደንገልም ተጎድቷል፣ የተራቆተው መሬትም ታርሶ ነበር። እንግዲህ ከተማው በዳርቻ ላይ ገንዘብ አውጥቶ የሚተክል ከሆነ ውኃውን ከሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት ጋር በየዓመቱ መነጋገርና ቢያንስ አዲስ የተተከለው በሚይዝባቸው የመጀመሪያ ዓመታት ድንገተኛ መውረድ እንዳይኖር መጠየቅ አለበት።

ከተማው ከዚህ የከበዱ ጉዳዮች በትከሻው ላይ እንዳሉበት አልዘነጋሁም። የምጠይቀው ግን ትልቅ በጀት የሚፈልግ አይደለም። የመስከረም ውኃ የሚደርስበት ከፍታ በባለሙያ ተለክቶ በየይዞታው በምልክት ይተከል፤ ከዚያ ምልክት ወደ ላይ ቢያንስ ሃያ ሜትር፣ ይዞታው ጠባብ በሆነበት ደግሞ ከአሥር ሜትር የማያንስ መሬት በአገር በቀል ዕፅዋት ብቻ እንዲሸፈን በፈቃዱ ውስጥ ይጻፍ፤ ከምልክቱ ወደ ታች ያለው ደንገል እንዳይነካ ይደረግ። አዲስ ግንብ የሚፈቀደው ወደብ ለሆነ ቦታና ሌላ አማራጭ እንደሌለ በጥናት ለተረጋገጠበት ብቻ ይሁን። ግንብ አስቀድሞ የሠሩ ሰዎች እንዲያፈርሱ አልጠይቅም፤ ከግንቡ ፊት ድንጋይ በተዳፋት ፈስሶ በድንጋዮቹ መካከል ደንገል ቢተከል ጉዳቱ ብዙ ይቀንሳል፤ ይህንም የሚያደርግ ሰው ከአስተዳደሩ ችግኝ በነፃ ቢያገኝ ይበረታታል። በእምቦጭ ዘመቻ የሚሳተፉ ሰዎችም ደንገልና ፊላን አብረው እንዳይነቅሉ ከሥራው በፊት በግልጽ ይነገራቸው።

ግለሰቡ ከመታዘዙ በፊት ግን አስተዳደሩ ራሱ ይጀምር። ሕዝብ በሚንሸራሸርበት የሐይቅ ዳር መንገድ ላይ አንድ ክፍል ተመርጦ በመጪው ሰኔ ደንገል፣ አኻያና ዶቅማ ቢተከልበት፣ በየችግኙ አጠገብም ስሙ ቢጻፍ፣ አልሚዎች በዓይናቸው አይተው የሚያምኑት ምሳሌ ይኖራቸዋል። ቦታው ከተመረጠ ችግኝ በማዘጋጀትና በተከላው ቀን በመገኘት ያለ ክፍያ ለማገልገል ዝግጁ ነኝ፤ በሙያው ያሉ ባልደረቦቼንም አስተባብራለሁ። አስተዳደሩ በዚህ ጥያቄ ላይ የሚደርስበትን ውሳኔ፣ የሚቀበለውንም የማይቀበለውንም ክፍል ከነምክንያቱ፣ ከክረምቱ በፊት ለሕዝብ በይፋ እንዲያሳውቅ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር
በባሕር ዳር ከተማ የሚኖር አትክልተኛ

ግልባጭ፦
ለክልሉ የአካባቢና የደን ጥበቃ ጉዳይ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት
የጣናን ውኃ ለሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት