ስለ ራስ ኃይሉ ለአባቴ

ይድረስ ለተከበሩ አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ባለፈው በስልክ ስለ ጎጃሙ ገዥ ስለ ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ስጠይቅዎ «ባንዳ ነበሩ፤ ሌላ ምን ይወራላቸዋል?» ብለው ወሬውን ዘጉት። ለእኔ ግን በዚያ አልተዘጋም።

ከጣሊያን ጋር መቆማቸውን የሚክድ የለም። በ1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ጅቡቲ ሲሄዱ ድሬዳዋ ላይ ከእስር የለቀቋቸው እኚህ መስፍን ወዲያው ለወራሪው አድረዋል፤ መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ሲገቡ ደግሞ እጅ ነሥተው ተቀበሏቸው። (መገለባበጡንስ ያውቁበት ነበር።)

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ከዚያ በፊት ጎጃምን የገዙበት ከሃያ ዓመት በላይ የሆነ ዘመን ነው። የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ልጅ ነበሩና ሹመቱ ከአባታቸው ስም ጋር የመጣላቸው ሲሆን፣ በ1916 ዓ.ም. ከአልጋ ወራሽ ተፈሪ ጋር አውሮፓን አይተው የተመለሱት ራስ ለንግድና ለገንዘብ የነበራቸው ፍቅር ከእኩዮቻቸው የበረታ ነበር፤ አዲስ አበባ ላይ ያፈሩት ሀብትም ምንጩ በጎጃም ገበሬ ላይ እየተደራረበ የመጣው ግብርና በገንዘብ የሚሰጠው ሹመት ነው። በ1924 ዓ.ም. ተፈርዶባቸው ንብረታቸው የተወረሰው ከሥልጣን የወረዱትን ልጅ ኢያሱን ከፍቼ እስር አስመልጠዋል ተብለው እንጂ ገበሬውን በማስለቀሳቸው አልነበረም። የገበሬው አቤቱታ ችሎት ሳያገኝ ቀረ፤ ባንዳነታቸውን ብቻ ካነሣን እኛም ዳግመኛ ልንዘጋበት ነው።

በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ በእርሻ ገቢ ግብር ላይ ሲያምፅ፣ መሬት መለካትን ርስት እንደ መንጠቅ የቆጠረው ያለ ምክንያት አይመስለኝም። የራስ ኃይሉን ዘመን ያዩ ሽማግሌዎች ያኔ ገና በሕይወት ነበሩ፤ እርስዎም ያን ጊዜ ጎልማሳ ነበሩ።

ስለዚህ እባክዎ፣ አያቴ ለራስ ኃይሉ ይገብሩ የነበረው በማር ነው ወይስ በጠገራ ብር? የመንደሩ ግብር ሰብሳቢ ጭቃ ሹሙስ ሲመጣ ከቤት ምን ይዞ ይወጣ ነበር? የወንድሜ ልጅ እሑድ ሲመጣ የሚነግሩትን ይጻፍልኝ።

ልጅዎ