ድሮዊንግና ስታቲክስ ተገቢው ጊዜ ይሰጣቸው

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ስለ ምህንድስና ትምህርት ጥራት በጋዜጣችሁ የሚወጡትን ጽሑፎች በትኩረት እከታተላለሁ። ክርክሩ ብዙውን ጊዜ በመውጫ ፈተናና በተመራቂዎች ሥራ ማጣት ላይ ያተኩራል። እኔ ግን ችግሩ ከዚያ ቀድሞ፣ ተማሪው ገና ዩኒቨርሲቲ ሲገባ በሚወስዳቸው ኢንጂነሪንግ ድሮዊንግ (የምህንድስና ሥዕል) እና ስታቲክስ (በማይንቀሳቀስ አካል ላይ የሚያርፉ ኃይሎች ጥናት) በተባሉ ሁለት ኮርሶች ላይ እንደሚጀምር ስለማምን ይህን ደብዳቤ ጽፌያለሁ።

በሕንፃ ግንባታ ሥራ ከሃያ ዓመት በላይ የቆየሁ ሲቪል መሐንዲስ ነኝ። ባለፈው ዓመት ለኢንተርንሺፕ ወደ ሳይታችን የመጣ አንድ የአራተኛ ዓመት ተማሪ፣ ትጉህና ሰው አክባሪ ልጅ፣ የበረንዳ ሶሌታ (የአርማታ ወለል) ፌሮ ሲታሰር እንዲከታተል ኃላፊነት ሰጥቼው ነበር። በረንዳው ከቢሙ (ከአግድም ተሸካሚው) ወጥቶ ያለ ምሰሶ የሚቆም፣ ካንቲሊቨር የምንለው ነው። እንዲህ ያለ ሶሌታ ክብደት ሲያርፍበት ጫፉ ወደ ታች ስለሚያዘነብል የሚለጠጠው የላይኛው ፊቱ ነው፤ አርማታ ደግሞ መታመቅን እንጂ መለጠጥን እምብዛም ስለማይችል ዋናው ፌሮ የግድ ከላይ መቀመጥ አለበት። በፕላኑ የሴክሽን ሥዕል፣ ማለትም ሶሌታው እንደተቆረጠ ሆኖ ውስጡ በሚታይበት ሥዕል ላይም በግልጽ የሚታየው ይኸው ነው። ስመለስ ግን ልጁ ፌሮው ከታች እንዲታሰር አዝዞ፣ በዕድሜ አባቱ የሚሆኑት የፌሮ ሠራተኛ «ኢንጂነር፣ ይሄ እኮ ከላይ ነው የሚገባው» እያሉ ሲያስረዱት ደረስኩ። አርማታው ተሞልቶ ቢሆን ኖሮ ድጋፉ በተነሣ ጊዜ በረንዳው ከነሰዎቹ ሊወርድ ይችል ነበር።

ልጁን አልተቆጣሁትም። ወረቀት ሰጥቼ በቢሙ አጠገብ ያለውን ሞመንት፣ ማለትም ክብደቱ ሶሌታውን ለማዞርና ለማጉበጥ ያለውን ጉልበት፣ እንዲያሰላ ጠየቅኩት፤ አሰላ፤ ትክክል ነበር። ከዚያ «ይህ ሞመንት የሚለጥጠው የትኛውን ፊት ነው? በሥዕሉ ላይ አሳየኝ» ስለው ዝም አለ። ቀመሩን ያውቃል፣ ሥዕሉንም አይቶታል፤ ሁለቱ ግን በአእምሮው ውስጥ ተገናኝተው አያውቁም። ይህ የአራተኛ ዓመት ትምህርት ጉድለት አይደለም፤ መጀመሪያ ላይ ሳይጣል የቀረ መሠረት ነው።

ስታቲክስ ከቀመር በፊት ሥዕል ነው። ተማሪው አንድን አካል ከደገፉት ነገሮች ሁሉ ለይቶ ብቻውን ይሥላል፤ በተነሡት ድጋፎች ምትክ ደግሞ የሚያሳርፉበትን ኃይል በቀስት ያሳያል። ፍሪ ቦዲ ዲያግራም የምንለው ይህ ነው። ሥዕሉ ትክክል ከሆነ የአግድሙን ኃይል፣ የቁሙን ኃይልና የሞመንቱን ድምር ከዜሮ ጋር የሚያስተካክሉት ሦስቱ እኩልታዎች ቀሪውን ይጨርሳሉ፤ ሥዕሉ ከተሳሳተ ግን የሒሳቡ ጉብዝና ምንም አይረዳም። እርማት ሲሰጥ ግን ብዙ ጊዜ ነጥቡ የሚያርፈው በመጨረሻው መልስ ላይ በመሆኑ፣ ተማሪው ሥዕሉን እንደ ትርፍ ሥራ ዘሎ ቁጥር ወደ መተካት ይሄዳል።

ድሮዊንግም እንደዚሁ ነው። በአንድ ተቋም ለሁለት ዓመታት በትርፍ ጊዜዬ ሳስተምር፣ በአንድ ክፍል ከመቶ በላይ ተማሪ ይሰጠኝ ነበር፤ ድሮዊንግ ቦርድ የሚበቃው ለሩብ ያህሉ ብቻ ነው። ስለዚህ ትምህርቱ በፕሮጀክተር ተንጸባርቆ ያልፋል፤ ተማሪውም ያለፈው ዓመት ተማሪ የሠራውን ፕሌት (ለእርማት የሚቀርብ የሥዕል ወረቀት) መስታወት ላይ ዘርግቶ ይገለብጣል። እኔም ያን ሁሉ ፕሌት አርሜ ለመመለስ ጊዜ አላገኘሁም፤ ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ፈርስት አንግል በተባለው የአሣሣል ሥርዓት ዕቃው ከቀኝ ሲታይ የሚኖረው ገጽ በወረቀቱ ላይ በግራ በኩል ይሣላል፤ የተሰወረ ጠርዝ በቁርጥራጭ መስመር ይታያል። ይህን የገለበጠ ተማሪ ሕጉን ሊሸመድደው ይችላል፤ ዕቃውን ግን በዓይነ ሕሊናው ማዞር አይችልም። በመጨረሻው ሴሚስተር እያንዳንዱ ተማሪ አንድ ልብስ ማጠቢያ ሳሙና ይዞ እንዲመጣ፣ በቢላዋ ቅርጽ እንዲያወጣለት፣ ከዚያም ለሁለት ሰንጥቆ የተቆረጠውን ፊት እንዲሥል አደረግሁ። ሴክሽን ምን ማለት እንደሆነ ለብዙዎቹ የገባቸው የዚያን ዕለት ነው።

ከመሰናዶ ትምህርት መምጣት ጋር ቀርቶ የነበረው የፍሬሽማን ዓመት በ2012 ዓ.ም. ሲመለስ ደስ ካላቸው ሰዎች አንዱ ነበርኩ፤ ዛሬም ደግፌ እከራከራለሁ። ሎጂክ፣ ጂኦግራፊና ታሪክ ለመሐንዲስም ያስፈልጉታል። የሚያሳስበኝ የጋራ ኮርሶቹ ብዛት ሳይሆን፣ ከእነርሱ በኋላ ድሮዊንግና ስታቲክስ ሲመጡ በሩጫ መሰጠታቸው ነው። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የመውጫ ፈተናም በምርጫ ጥያቄ የሚሰጥ በመሆኑ ተማሪው በእጁ መሣል መቻሉን ሊመዝን አይችልም፤ በፈተና የማይጠየቅ ነገር ደግሞ ቀስ በቀስ ከክፍልም ይወጣል።

ኮምፒውተር እያለ የእጅ ሥዕል ምን ያደርጋል የሚሉ አሉ። አውቶካድ በየቢሯችን አለ፤ እኔም በየቀኑ እሠራበታለሁ። ነገር ግን ሶፍትዌሩ መስመሩን ያሳምራል እንጂ ፌሮው ከላይ ይሁን ከታች አይወስንም። በእርሳስ ማሰብ የለመደ ተማሪ አውቶካድን በጥቂት ሳምንታት ይለምደዋል፤ በተቃራኒው የተማረ ግን ሲቸገር አይቻለሁ።

ስለዚህ የዩኒቨርሲቲ የትምህርት ክፍሎች ቢያንስ እነዚህን ሁለት ኮርሶች ከሠላሳ በማይበልጡ ተማሪዎች ቡድን እንዲሰጡ፣ እያንዳንዱ ፕሌት ታርሞ በሳምንቱ እንዲመለስ፣ በስታቲክስ ፈተናም ከነጥቡ ግማሹ ለፍሪ ቦዲ ዲያግራሙ እንዲሆን እጠይቃለሁ። መምህር አይበቃም ከተባለ፣ ጥሩ ውጤት ያላቸው የአራተኛና የአምስተኛ ዓመት ተማሪዎች በመጠነኛ ክፍያ የልምምድ ክፍለ ጊዜዎችን ሊያግዙ ይችላሉ። እኛም በሥራው ዓለም ያለን መሐንዲሶች ቅዳሜ ጠዋት ሳይታችንን ለጀማሪ ተማሪዎች ብንከፍት ብዙ አይጎዳንም፤ እኔ የምሠራበትን ለመክፈት የድርጅቴን ፈቃድ አግኝቻለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ ሲቪል መሐንዲስ፣ ከአዲስ አበባ