የተሰቀለው ተዋጊ አውሮፕላን ከላይም ይታይ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

የጦር አውሮፕላኖች በየሙዚየሙ ጣሪያ ላይ መሰቀላቸው ቀርቶ መሬት ይውረዱ የሚለውን አስተያየት በጋዜጣችሁ አንብቤ ዝም ማለት አልሆነልኝም። ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በአውሮፕላን ጥገና ነው። ጸሐፊው «ማሰሪያቸው ለቆ ሊወድቁ ይችላሉ» ብለው ያነሡት የደኅንነት ስጋት እውነት ነው፤ ማውረዱን ግን አልስማማበትም።

የሁለተኛውን የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ ተዋጊ ስፒትፋየርን የመሰለ አውሮፕላን መሬት ላይ ሲቆም ጅራቱ ዝቅ፣ አፍንጫው ወደ ላይ ቅስር ይላል። አብራሪው እንኳ ሲያሽከረክረው ፊት ለፊቱን ማየት ስለማይችል ግራና ቀኝ እየታጠፈ ነበር የሚሄደው። ጎማውን አጥፎ አየር ላይ ሲሆን ነው መልኩን የሚያገኘው። ክብደቱን እዚያ የሚሸከመው ክንፉ ነውና፣ ካቦው ከክንፉ ዋና ተሸካሚ ጋር በትክክል ከታሰረ መሰቀሉ አይጎዳውም። አሜሪካ፣ ፔንሳኮላ በሚገኘው የባሕር ኃይል አቪዬሽን ሙዚየም ስካይሆክ የተባሉ አራት የጦር ጄቶች ተጠጋግተው እንደሚበሩ ሆነው ተሰቅለዋል፤ ያንን ቅርበት መሬት ላይ ደርድሮ ማሳየት አይቻልም። ሁሉም ይሰቀል ማለቴም አይደለም። እንግሊዝ፣ ደክስፎርድ ሙዚየም ያለው ቢ-52 የተባለው የአሜሪካ ቦምብ ጣይ ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 56 ሜትር ነው፤ እሱ መሬት ላይ ቆሟል፣ ከሱ ያነሱት ናቸው የተሰቀሉት።

እኔን የሚያሳዝነኝ አውሮፕላኑን እንደ መብራት ጌጥ ሰቅሎ መርሳት ነው። ጎብኚው አንገቱን ቀልብሶ የሚያየው ሆዱን ብቻ ነው። ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ያለ አብራሪ ልጅ ትከሻው ግራና ቀኝ ግድግዳ እየነካ የተቀመጠባትን ጠባብ ቦታ አያይም። ጦርነቱ ያለው ግን እዚያች ቦታ ላይ ነው! ለንደን፣ ኢምፔሪያል ዋር ሙዚየም ውስጥ የተሰቀለው ስፒትፋየር እ.ኤ.አ. በ1940 በብሪታንያ የአየር ውጊያ 57 ጊዜ ለግዳጅ ወጥቷል፤ ጎብኚው በዙሪያው ካሉት ፎቆች ሆኖ በትይዩም ከላይም ያየዋል። እኔ የምለው እንዲህ ያለውን ነው።

አሁን ወደ ስጋቱ ልመለስ። አንድ ጊዜ የተሰቀለ አውሮፕላን እንዳጸዳ ተጠርቼ በማንሻ ወጣሁ። ከታች ሲታይ ቀለሙ ያበራል። የክንፉ ጀርባ ግን ጣት የሚቀብር አቧራ ለብሷል፤ ካቦው በታሰረበት ቡሎን ዙሪያ ደግሞ ነጭ ዱቄት አገኘሁ። አሉሚኒየም ሲበላ እንደ ብረት አይቀላም፣ እንዲህ ነጭ ሆኖ ይረግፋል። ከተሰቀለ ጀምሮ ማንም ወጥቶ አላየውም ነበር። በእጄ ጠረግ ሳደርገው ከሥሩ ያለው ላሜራ ተቦርቡሯል። በማግስቱ አወረድነው፣ ማሰሪያው ተለወጠ፣ ተመልሶም ተሰቀለ።

ስለዚህ ሙዚየሞቹን የምጠይቃቸው ሁለት ነገር ነው፦ በአብራሪው ክፍል ትይዩ መቆሚያ ሥሩ፤ እያንዳንዱን ማሰሪያ ደግሞ በየጊዜው ሰው ወጥቶ በእጁ ይዳስሰው፣ ያየውንም በጽሑፍ ያስፍር። የዚያን ቡሎን ፎቶግራፍ እስከ ዛሬ አስቀምጬዋለሁ፤ ጸሐፊው ማየት ከፈለጉ በዝግጅት ክፍላችሁ በኩል እልክላቸዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረታ የወጣ የአውሮፕላን ቴክኒሻን