ቀድመህ ደውልለት

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፤

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ደብረ ብርሃን ዘንድሮ ብርዱ አይጣል ነው። እናትህ ጋቢ በጋቢ ላይ ደርባ ነው የምትውለው።

ቪዲዮውን አየሁት። እህትህ ልታሳየኝ አልፈለገችም። ሰፈሩ ሁሉ አይቶት እኔ ብቻ መቅረቴ አናደደኝና ስልኳን ተቀበልኳት። ሜሪላንድ ድረስ ሄደህ፣ ቅዳሴ እንደወጣ፣ ነጠላህን እንዳጣፋህ፣ ከሰው እጅ ማይክ ስትነጥቅ! ያውም ከማን? ከአበልጅህ። ልጅህን ክርስትና ካነሳልህ ሰው። ሦስተኛውን ጊዜ ድምፁን አጥፍቼ አየሁት። እጅህ ሲንቀጠቀጥ የታየኝ ያኔ ነው። አንጀቴን በላኸው።

ዛሬውኑ ደውልለት። እሱን አትጠብቅ፤ አንተ ቀድመህ ደውል።

የጻፍክልኝን አንብቤዋለሁ። የቤተ ክርስቲያኑ ሒሳብ በውጭ ኦዲተር ይመርመር ማለትህ ልክ ነው። ሕንፃው ሲገዛ ምእመኑ ሳይጠየቅ መፈረሙም ደግ አይደለም። ልክ ነህ። እኔን ያስፈራኝም ልክ መሆንህ ነው። ያጠፋ ሰው ንዴቱ ሲበርድለት ይጸጸታል። ልክ የሆነን ሰው ግን ማን ይመልሰዋል?

የጋሽዬን የድንበር ነገር ሙሉውን ነግሬህ አላውቅም። እናትህ ስትጀምረውም እኔ አስቆማት ነበር። ታላቅ ወንድሜ ድንበር ገፋብኝ፤ ሁለት ትልም ቢሆን ነው። አራት ዓመት ተኮራረፍን። በአራተኛው ዓመት ሁዳዴ ሊገባ ሲል ሽማግሌ ይዞ፣ ድንጋይ ተሸክሞ መጣ። አዝሎ ያሳደገኝ ወንድሜ አንገቱን ደፍቶ ደጄ ላይ ቆመ። ሽማግሌዎቹ «ይቅር ለእግዚአብሔር በል» አሉኝ። እኔ «መጀመሪያ ጥፋቱን ይናገር» አልኩ። ተናገረ። «ገበያ ላይ የተናገረውንም ይድገመው» አልኩ። ደገመው። ቡናው ተቆልቶ ተፈልቶ እስኪቀርብ ድረስ አቆምኩት። በዚያ ብርድ ላቡ ከአፍንጫው ጫፍ ይንጠባጠብ ነበር። እኔም ልክ ነበርኩ እኮ! መሬቱ የእኔ ነው።

በመጨረሻ ይቅር አልኩ፤ ተሳሳምን፤ ሴቶቹ እልል አሉ። እርቁ ግን እርቅ አልሆነም። ጋሽዬ እስኪሞት ድረስ እኔ ቤት ሲመጣ በር ላይ ቆሞ «ልግባ?» ይለኝ ነበር። ድንጋዩ እስካሁን እዚያው በሩ ሥር አለ። አንተ ተማሪ ሳለህ ጫማህን እየተቀመጥክ የምታስርበት ድንጋይ ነው። ስንቴ ላስነሳው ብዬ ተውኩት።

ወንጌሉ «የሚያስተራርቁ ብፁዓን ናቸው» ነው የሚለው። ጠብ የማይወዱ አላለም። ጠብ የማይወድማ እኔም ነበርኩ፤ አራት ዓመት ሙሉ ጭጭ ብዬ። አርባ ዓመት አስቀድሻለሁ፣ የጾም ቀን ስቼ አላውቅም። በመንፈስ ግን ያ ድንጋይ የተሸከመው ሰው በልጦኝ ነበር። ይህን ያወቅሁት እሱ ከሞተ በኋላ ነው።

ደግሞ እናንተ ያላችሁበት አገር እኮ ነው የቤተ ክርስቲያናችን ሁለቱ ሲኖዶስ፣ የአገር ቤቱና የስደቱ፣ የታረቁት! ከ25 ዓመት በላይ ተወጋግዘው ኖረው በሐምሌ 2010 ዋሽንግተን ላይ ተስማሙ። ከሁለቱ ፓትርያርኮች አቡነ መርቆሬዎስ በጸሎትና በቡራኬ፣ አቡነ ማትያስ በአስተዳደር ተባለ። ሁሉንም ጠቅልሎ የወሰደ የለም። ያን ቀን ስልክ ደውለህ አልቅሰህብኛል። እንዴት ረሳኸው?

እሑድ ዲያቆኑ «ተአምኁ በበይናቲክሙ»፣ እርስ በርሳችሁ ሰላም ተባባሉ ሲል ወዴት ዞረህ ነው እጅ የምትነሣው? ወደ ግድግዳው?

አሁን የምልህን ስማ። ቪዲዮውን ማን እንደለቀቀው አታጣራ። ዋትሳፕ ግሩፑ ላይ አንዲት ቃል እንዳትጽፍ። ለአበልጅህ ቴክስት አታድርግ፤ ደውልና ድምፅህን ይስማ። «ማይኩን መንጠቄ ጥፋት ነው፣ ይቅር በለኝ» በለው፤ «ግን» የምትለዋን አትጨምርባት። የሒሳቡን ነገር ሌላ ቀን፣ ንስሐ አባታችሁ ባሉበት ታነሱታላችሁ። እሱን ተወው አላልኩህም። ካላነሳ ማታ እንደገና ደውል። እሱ ቀድሞህ ከደወለ ደግሞ እንደ እኔ አታቁመው።

የእናትህ የደም ግፊት መድኃኒት እስከ ፋሲካ አይበቃም፤ የሚመጣ ሰው ካገኘህ ላክላት። ወፈር ያለ ካልሲም ጨምርበት፣ ለእኔ ነው። ልጁን ሳምልኝ። የክርስትና አባቱ ጋ ስትደውል አጠገብህ አስቀምጠው።

ከእሱ ጋር እንደጨረስክ ለእኔ ደውል። ሌሊትም ቢሆን አነሳለሁ፤ መቼ እንቅልፍ ይወስደኛል።

አባትህ