እማዬ፣ ያን ደብተር እንዳትጥዪው

ለምወድሽ እማዬ፣

እንዴት ነሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኔ ደህና ነኝ።

ባለፈው ስንደዋወል «የምክር ቤቱ ጊዜዬ ከንቱ ቀረ» ያልሽኝ እስካሁን ይከነክነኛል። ስልክ ላይ መልስ ጠፋኝ፤ ስለዚህ ልጻፍልሽ አልኩ።

ሰሞኑን የእንግሊዙን የጆን ሜጀርን ታሪክ ሳነብ ነበር። ትልቅ መነጽር የሚያደርገው፣ ማርጋሬት ታቸርን የተካው ሰውዬ። ትምህርቱን በ16 ዓመቱ ነው የተወው። የአባቱ ንግድ ሲከስር ቤተሰቡ ለንደን ብሪክስተን ውስጥ ጠባብ ኪራይ ቤት ገባ። እ.ኤ.አ. በ1968፣ በ25 ዓመቱ፣ ብሪክስተን የሚገኝበት የላምቤዝ ክፍለ ከተማ ምክር ቤት አባል ሆነ። ቆይቶም የቤቶች ኮሚቴውን መራ። የቤት ችግርን ከማንም መስማት አላስፈለገውም፤ ኖሮበታል።

ከዚያስ? በ1971 ወንበሩን አጣ። በ1974 ሁለቴ ለፓርላማ ተወዳድሮ ሁለቴም ወደቀ። የተሳካለት በ1979 ነው። በኋላ ግን ማን ይያዘው! በ1989 ብቻ መጀመሪያ የውጭ ጉዳይ፣ ቀጥሎ የገንዘብ ሚኒስትር ሆነ። በ1990 ጠቅላይ ሚኒስትር።

እኔን የገረመኝ የ1992ቱ ምርጫ ነው። ያበቃለታል የሚለው ብዙ ነበር። እሱ ግን የእንጨት ሳጥን አስመጣና ሉተን ከተማ መሃል ላዩ ላይ ወጣ። ድምፅ ማጉያውን ይዞ፣ ከሚጮኹበት ሰዎች ጋር ፊት ለፊት ተነጋገረ። በወጣትነቱ ብሪክስተን ገበያ ያደርግ የነበረውን ነው የደገመው። ፓርቲው ከ14 ሚሊዮን በላይ ድምፅ አግኝቶ አሸነፈ። (በዚያው ዓመት መስከረም ፓውንዱ ሲወድቅ ሳጥኑ አላዳነውም፤ በ1997ም ክፉኛ ተሸነፈ። ያው ፖለቲካ ነው።)

አንቺ ጠቅላይ ሚኒስትር ትሆኚ ነበር እያልኩ አይደለም፤ ሳቅሽ ከዚህ ይሰማኛል። ግን ያ ሰማያዊ ደብተርሽ ትዝ ይልሻል? «ጣሪያ ያፈሳል»፣ «ፍሳሽ ተዘግቷል»፣ ከጎኑ የሰውየው ስም። ያለቀውን በቀይ እስክሪብቶ ትሰርዢው ነበር። ሚኒስትር «እናጣራለን» ብሎ መኪናው ውስጥ ይገባል። አንቺ ግን ጣሪያው የሚያፈስበትን ሰው በማግስቱ መንገድ ላይ ታገኚዋለሽ። የቱ እንደሚከብድ ለእኔ ግልጽ ነው። ምርጫው ካለፈሽ በኋላ እንኳ በራችን መንኳኳቱን አላቆመም፣ አንቺም ደብተሩን አልዘጋሽም።

ቁም ሳጥኑ ላይ ካለ እንዳትጥዪው። ስመጣ ያልተሰረዙትን አብረን እናያቸዋለን።

ልጅሽ